ተራራው ላይ «አቤት» ያልኩ ቀን

«ፍሬ፣ አንቺን ሁለተኛ ተሸክሜ አልወርድም፤ ሻንጣ መሸከም ሥራዬ ነው፣ በእረፍት ቀኔ ግን አልሠራም» አለኝ ዳኒ፣ አሥር ሰው ፊት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ላስ ቬጋስ፣ ሲልቬራዶ ራንች በሚባለው ሰፈር አንድ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ውስጥ ቆመን፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ጥርሴን አሳየሁ።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ ዛር፣ ጥላ ወጊ፣ የጫካ መንፈስ ምናምን የሚባለውን ነገር በሕይወቴ አምኜበት አላውቅም፣ ሰው ተሰብስቦ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀምር ስልኬን አውጥቼ የራሴን ነገር የማይ ሰው ነኝ፣ እናቴ መጥፎ ሕልም አይታ «ዛሬ አትውጪ» ስትለኝ ሆን ብዬ ነው የምወጣው። ይሄን የምነግራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ «ፀሐይ መትቶሃል፣ ውሃ ጠጣ» ነበር የምለው፣ እናንተም እንደዚያ ብትሉኝ አልቀየምም፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሙኝ፣ የሆነው ባለፈው ማክሰኞ ነው፣ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ትከሻዬ ላይ ያለው ሰንበር ገና አልጠፋም።

ዳኒ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖ ጎዳና ላይ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ የእንግዳ ሻንጣ ተሸካሚ ነው፣ አሥራ አራት ዓመት ሠርቶበታል፣ እና ይሄ ሰውዬ አንድ ተሰጥኦ አለው፣ ዕቃ በእጁ ብድግ ያደርግና ክብደቱን በፓውንድ ይነግራችኋል፣ አይስትም። እዚህ ከተማ ሀበሻ ወደ አገር ቤት ሲሄድ ሚዛን አይገዛም፣ ዳኒን ነው የሚጠራው፣ ዳኒ ሳሎን መሃል ይቆምና እጀታውን ይዞ «አርባ ዘጠኝ፣ ዝጉት» ወይም «ሃምሳ ሦስት፣ ጫማውን አውጡ» ይላል፣ ጫማው ይወጣል፣ ኤርፖርት ሲደርሱ ልክ እሱ ያለው ሆኖ ይገኛል። ይሄን ነገር ያዙልኝ።

በወር አንዴ ተራራ የሚያስወጣን እሱ ነው፣ ማክሰኞ ቀን፣ ምክንያቱም ቬጋስ ውስጥ ቅዳሜና እሁድ የሚያርፍ ማን አለ። አምና በዚሁ ወቅት ማውንት ቻርልስተን ወጣን፣ ከከተማው አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም፣ ታች አስፋልቱ ጫማ ያቀልጣል፣ እዚያ ጃኬት ትለብሳላችሁ፣ ጫካ አለ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ እኛ «ትልቁ ዛፍ» የምንለው፣ ሺህ ዓመታት አልፎታል የሚባልለት ዛፍ አለ። እሱ ጋ ለመድረስ ትንሽ ሲቀረን እኔ ቁጭ አልኩ። ትንፋሼ አላለቀም፣ እግሬም አላመመኝም፣ በቃ ከበደኝ፣ ሰውነቴ የራሴ አልሆን አለኝ፣ «ተነሺ» ሲሉኝ መነሳት አቃተኝ፣ ስጠየቅም ማስረዳት አልቻልኩም፣ አለቀስኩ እንጂ። ዳኒ አዝሎ አወረደኝ፣ መንገዱ መጀመሪያ ላይ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሲያስቀምጠኝ ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቆ ነበር፣ «ይቺ ልጅ የሁለት ሰው ክብደት ነው ያላት» አለ፣ እኔ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሻንጣ ሆነ። «ሻንጣ መጣች»፣ «ሻንጣን ማን ይዟታል»፣ «ሻንጣ ታግ አላት ወይ»፣ አንድ የማላውቃት ሴትዮ ሳይቀር ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አስቁማ «ሻንጣ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?» ብላ ጠይቃኛለች፣ እመኑኝ፣ አንድ ዓመት ሙሉ።

እኔ ደግሞ የጀመርኩትን ነገር ጨርሼ አላውቅም፣ እውነቱን ልናገር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ የነርስ ረዳትነት ትምህርት ጀምሬ በሁለተኛው ወር ወጣሁ፣ አራት ሥራ ቀያየርኩ፣ እናቴ በጣቷ እየቆጠረች ነው የምትነግረኝ። ይሄን የተራራ ነገር ግን አልተውኩም። አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ የሚባል ቦታ ያለ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ፣ ሺፍቴ ሲያልቅ ቦርሳዬ ውስጥ የውሃ ጠርሙስ አጭቄ ባለ አምስት ፎቅ ፓርኪንግ ደረጃ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ ጥበቃው መጀመሪያ ጠረጠረኝ፣ በኋላ ለመደኝ፣ ይሄው ዓመት ሞላኝ።

ሌላም ነገር ነበር። በመጪው ወር ቡድኑ ካሊፎርኒያ ድረስ ሄዶ የሬድውዱን ጫካ ሊያይ ነው፣ እነዚያን ቀያይ ዛፎች፣ ሰው እግራቸው ሥር ቆሞ ጉንዳን የሚያክልባቸውን። ቪዲዮአቸውን ስንቴ እንዳየሁት አልነግራችሁም። ቫን ተይዟል፣ የቀረው አንድ ወንበር ነው፣ ዳኒ ደግሞ ሕጉን አስቀምጧል፣ «ትልቁን ዛፍ በራሱ እግር ሄዶ ያልነካ ሰው ቫኑ ውስጥ አይገባም፣ እዚያ ሄጄ ሰው አልሸከምም»። ከእኛ መካከል ያልነካሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

የዚያን ቀን ጠዋት ጫማዬን ሳጠልቅ እናቴ በር ላይ ቆመች።

«ጫካ ውስጥ ስምሽ ሲጠራ እስከ ሦስተኛው ዝም በይ፣ ሰው ያልሆነ ነገር ሦስቴ አይጠራም» አለችኝ።

«እማዬ፣ ኔቫዳ እኮ ነው ያለነው።»

«እሱ ፓስፖርት አይጠየቅም» አለችና ዳቦ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ።

ደረስን፣ መኪኖቹን አቆምን፣ ዳኒ እንደ ልማዱ የሁሉንም ቦርሳ እያነሳ ቼክ አደረገ፣ የእኔን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «አሥራ ሦስት፣ ጎበዝ» አለ፣ ጉዞ ተጀመረ። እኔ የጫማዬ ማሰሪያ ስለተፈታ ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ አምና የተቀመጥኩበት ላይ ማለቴ ነው፣ እግሬን ሰቅዬ ጎንበስ አልኩ፣ ሌሎቹ ቀድመውኛል፣ ድምፃቸው ከዛፎቹ ውስጥ ይሰማኛል።

«ፍሬ።»

ከኋላዬ ነው፣ በግራ በኩል፣ የደከመው የትልቅ ሰው ድምፅ፣ ወንድ ይሁን ሴት መለየት ያቅታል፣ እኔም ቀና ሳልል «አቤት» አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ እኔ ለጓደኞቼ «ወዬ» ነው የምለው፣ ለዳኒ ደግሞ «ምን?»፣ «አቤት» ከአፌ የሚወጣው ትልቅ ሰው ሲጠራኝ ብቻ ነው፣ እሱም አስቤው ሳይሆን እናቴ በነጠላ ጫማ ስላስተማረችኝ ነው፣ አፌ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ያውቀዋል። ከእኛ መካከል ደግሞ በዕድሜ ትልቁ ዳኒ ነው፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እሱም ከፊት እየሄደ ነበር።

ዞር አልኩ፣ የቆሙ መኪኖች ብቻ። ከዚያ ጆሮዬ ሥር «እፎይ» የሚል ነገር ሰማሁ፣ ብዙ ቆሞ የቆየ ሰው ወንበር ሲያገኝ እንደሚለው ዓይነት፣ የቦርሳዬ ማንገቻዎች ሲጥ አሉ፣ ቀና ስል ክብደት ወደ ኋላ ጎተተኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰላችሁ፣ ድንጋይ ከትተውብኛል ብዬ ነው። ሮጥ ብዬ፣ ሮጥ እንኳን አይባልም፣ እየተንገዳገድኩ ሃያት ጋ ደረስኩ፣ ሃያት የወሎ ልጅ ናት፣ ሆቴል አልጋ አንጣፊ፣ በዚያ ቡድን ውስጥ ሻንጣ ብላኝ የማታውቅ እሷ ብቻ ናት።

«ማነው ቦርሳዬ ውስጥ ድንጋይ የከተተው?»

«ምን ድንጋይ?»

ቦርሳውን ገልብጬ ዘረገፍኩት፣ ውሃ፣ ዳቦ፣ ጃኬት፣ የፀሐይ ቅባት፣ አለቀ። ሃያት ዕቃውን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ከተተችልኝ፣ «ውሃ ጠጪ» አለችኝ፣ አያችሁ፣ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው።

ሄድን። መንገዱ ያምራል፣ ከታች ያሉት ጥዶች ቅርፊታቸው ኬክ ኬክ ይሸታል፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆሜ አሸት ነበር፣ ያን ቀን ግን ጀርባዬ ላይ ያለው ነገር በየመታጠፊያው ሚዛኑን ሲያስተካክል ይሰማኝ ነበር፣ እውነቴን ነው፣ ወደ ግራ ስታጠፍ ወደ ቀኝ ጋደል ይላል፣ ውሃ ልጠጣ ጎንበስ ስል ላለመውደቅ የሚይዘኝ ይመስላል፣ ዕቃ እንደዚያ አያደርግም፣ የታዘለ ሰው ነው እንደዚያ የሚያደርገው። ደግሞ ትዝ አለኝ፣ የአምናው ክብደት ይሄው ነበር፣ ያኔ ስም አላወጣሁለትም እንጂ ይሄው ነበር።

ፈራሁ ብላችሁ ከጠበቃችሁ፣ አዎ፣ ትንሽ፣ ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ተናደድኩ፣ ዓመት ሙሉ ደረጃ የወጣሁት፣ ዓመት ሙሉ ሻንጣ የተባልኩት ለዚህ ነው? ቀስ ብዬ፣ ሃያት እንዳትሰማኝ፣ «ይቀመጡ፣ ግን ወንበሬን አይወስዱብኝም» አልኩ። ተናድጄ እንኳን አንቱ ማለቴ ገርሞኛል፣ ምን ላድርግ፣ ድምፁ የትልቅ ሰው ነዋ።

ሃያት ድንገት እጄን ያዘችኝ። «ዱካሽን እዪ።»

መንገዱ አቧራ ነው፣ የሁሉም ጫማ አሻራ ይታያል፣ የዳኒ እንደ ጀልባ ሰፊ ነው፣ ዘጠና ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ አቧራውን ነካ አድርጎት ነው ያለፈው፣ የእኔ ግን ጠልቋል፣ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፣ ሥሩ ያለው እርጥብ አፈር ወጥቷል። ሃያት ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቁርአን መቅራት ጀመረች፣ እኔ መሄዴን ቀጠልኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ ዕረፍት ሆነ፣ ሁሉም ግንድ ላይ ተቀምጦ ይበላል፣ እኔ ቦርሳዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩት፣ ሲያርፍ ያወጣው ድምፅ ሰው ሁሉ ቀና እንዲል አደረገ። ዳኒ እየሳቀ መጣ።

«ሻንጣ ደከመች? አምጪ፣ እኔ ልያዝልሽ፣ ቲፕ ትሰጪኛለሽ።»

እጀታውን ይዞ ብድግ አደረገ፣ ማለቴ፣ ብድግ ሊያደርግ ሞከረ፣ እጁ ሄደ፣ ቦርሳው ቀረ፣ ወገቡ እንደታጠፈ ቆመ። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ከዚያ ሆቴል እንደሚያደርገው እግሩን ከፈት አደረገ፣ በሁለት እጁ ይዞ ሳበው፣ እስከ ጉልበቱ ደረሰ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ስንት ነው?» አልኩት።

ቦርሳውን በጫማው ጫፍ ገፋ አደረገው።

«ዳኒ፣ ስንት ነው?» አለችው ሃያት።

«አላውቅም» አለ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ ሰውዬ አፍ «አላውቅም» የሰማ ሰው የለም። ዚፑን ከፈተ፣ ውሃውን፣ ዳቦውን፣ ጃኬቱን አየ፣ ዘጋው፣ መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ዝቅ ባለ ድምፅ «አምና… ያኔም እንደዚህ ነበር። አንቺ ነሽ ብዬ ነበር» አለኝ።

«እኔ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ነኝ።»

«አሁን ገባኝ። ተይው፣ ፍሬ፣ እንመለስ፣ ዛፉን ሌላ ጊዜ ትነኪዋለሽ።»

«የራሴን ሻንጣ ራሴ እይዛለሁ» አልኩና አነገትኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሳስታውሰው አሁንም ደስ ይለኛል፣ እውነቴን ነው፣ አንድ በአንድ አለፍኳቸው፣ ያቺ «ታግ አላት ወይ» የምትለዋን ልጅ መታጠፊያ ላይ ቁና ቁና ስትተነፍስ አለፍኳት፣ ደረጃ እንደምወጣው እየቆጠርኩ፣ አሥራ ሁለት፣ ማረፊያ፣ አሥራ ሁለት፣ ማረፊያ። ዳኒ ከኋላዬ ነበር፣ ሌላ ጊዜ ተረከዜ ሥር የሚሄደው ሰውዬ አሥር እርምጃ ርቆ። ወፎቹ መቼ ዝም እንዳሉ አላውቅም፣ ዝም ማለታቸውን ያወቅኩት የማንገቻዬ ሲጥታ ብቻውን ሲቀር ነው።

አምና የተቀመጥኩባት ቦታ ስደርስ ክብደቱ እጥፍ ሆነ፣ ክንድ የሚመስል ነገር አንገቴ ላይ ጠበቅ አለ፣ ቤቱ ሲቃረብ እንደቸኮለ ሰው፣ አንዱ ጉልበቴ መሬት ነካ፣ አቧራ አፌ ውስጥ ገባ።

«ፍሬ፣ ይበቃሻል» አለ ዳኒ፣ ድምፁ ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

«እንዳትነካኝ።»

ሁለቱንም እጄን ጭኔ ላይ ጫንኩ፣ ተነሳሁ። እንዴት እንደተነሳሁ አትጠይቁኝ። አሥራ ሁለት፣ ማረፊያ የለም፣ አሥራ ሁለት፣ ማረፊያ የለም፣ ከዚያ ድንገት መንገዱ ሜዳ ሆነ፣ ትልቁ ዛፍ ፊቴ ቆሟል። እንደ ሬድውዶቹ ረጅም አይደለም፣ አጭርና ወፍራም ነው፣ ታጥቦ እንደተጨመቀ ልብስ የተጠማዘዘ፣ ግማሹ ደርቋል፣ ግማሹ አረንጓዴ ነው። ልክ ቀትር ነበር። መዳፌን ግንዱ ላይ አሳረፍኩ፣ ከኋላዬ ሃያት ደረሰች።

«ፍሬ» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ «ወደ መሬት አትዪ፣ ጥላሽን አትዪ።»

አላየሁም። ምን እንዳየች ስንቴ ጠይቄያታለሁ፣ ትናንት ማታም በስልክ ጠይቄያታለሁ፣ ወሬ ትቀይራለች።

ዓይኔን ግንዱ ላይ ተክዬ ቦርሳውን አወረድኩና ሥሩ አስደገፍኩት። «እፎይ» የሚለው ድምፅ መጣ፣ አሁን ከጆሮዬ ሳይሆን ከግንዱ በኩል፣ ነፋስ ሳይኖር አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ብቻውን ተወዛወዘና ቆመ፣ ወፎቹ ጀመሩ። ትከሻዬ ቀለለኝ፣ ሰው ሲቀለው መሳቅ እንደሚመጣበት አላውቅም ነበር፣ ሳቅኩ፣ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ፣ ከታች ቬጋስ የሚባለው ከተማ እንዳለ ጠፍጣፋ ቡናማ ነገር ሆኖ ይታየኝ ነበር፣ እኔ ከሁሉም በላይ ነበርኩ።

ሌሎቹ ሲደርሱ ጠዋት ድንጋዩ ጋ የሆነውን፣ ድምፁንም «አቤት» ማለቴንም ለሁሉም ነገርኳቸው። ማንም አልሳቀም። ዳኒ ቦርሳዬን በሁለት ጣቱ አነሳው።

«አሥር» አለ። የጎደለው ሦስት ፓውንድ ጠጥቼው ያለቀው ውሃ ነው።

«ወንበሩስ?»

«ያንቺ ነው።»

«ስሜስ?»

ሰዎቹን ዞር ብሎ አየ። «ፍሬ ነው ስሟ» አላቸው፣ አጨበጨቡልኝ፣ ያቺ «ታግ አላት ወይ» ባይዋም ልጅ አጨበጨበች፣ እመኑኝ፣ ከዚያ በላይ የጣመኝ ነገር የለም፣ ሃያትና እኔ ቁልቁል እንደ ፍየል ነው የወረድነው።

ጠፍጣፋው ድንጋይ ጋ እኛ ቀድመን ደርሰን ቆመን ነበር። ዳኒ ሰው እየቆጠረ መጨረሻ ላይ መጣ፣ መንገድ ላይ የወደቀ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሊያነሳ ጎንበስ አለ፣ ጎንበስ እንዳለ አንገቱን ወደ ጫካው ሳያዞር «አቤት» አለ።

ሃያት ክንዴን ጨመቀችው። እኛ ምንም አልሰማንም፣ እኔ ያደረስኩት ዛፉ ጋ ቀርቷል፣ ይሄ ሌላ ነው መሰለኝ።

ዳኒ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ማነው የጠራኝ?»

«ማንም አልጠራህም» አልኩት።

ጠርሙሱን የቦርሳው ኪስ ውስጥ ሰካው። ከዚያ ወደ መኪናው ሄደ፣ ሲሄድ የረገጠውን አቧራ ላለማየት እኔም ሃያትም ሌላ ቦታ አየን።

በእሱ መኪና ነው የተመለስነው፣ ሙዚቃ አልከፈተም፣ በየጉድጓዱ የኋላው ጎማ ብረቱን ይመታ ነበር፣ ከኋላ የተቀመጥነው ግን እኔና ሃያት ብቻ ነን። ሲልቬራዶ ራንች ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ ሰው በየመኪናው ተበተነ፣ ሃያት ሺፍት ስለነበራት ቸኩላ ሄደች። እኔ ቦርሳዬን ከመኪናው ኋላ አውጥቼ ወደ መኪናዬ መራመድ ስጀምር ዳኒ የራሱን ቦርሳ እጀታ ያዘ።

«ፍሬ» አለኝ።

ዝም አልኩ።

«ፍሬ።»

መራመዴን አቆምኩ፣ ግን አልመለስኩለትም።

«ፍሬ፣ በናትሽ።»

«ወዬ» አልኩ፣ ዞርኩ። ጎንበስ እንዳለ ነው፣ በሁለት እጁ ይዟል፣ የአንገቱ ሥር ተገታትሯል፣ ቦርሳው ካለበት ንቅንቅ አላለም።

«ስንት ነው?» አልኩት።

«አላውቅም።»

«ዛፉን በራስህ እግር ሄደህ መንካት ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሺፍት የለኝም፣ ጠዋት አንድ ሰዓት እዚሁ እንገናኝ፣ አብሬህ እወጣለሁ፣ ተሸክሜህ ግን አልወርድም» አልኩትና ቦርሳዬን በአንድ ጣቴ አንጠልጥዬ መኪናዬ ውስጥ ወረወርኩት፣ ሞተሩን አስነስቼ ወጣሁ።